በቶኮ የሚጀምር ጭብጨባ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ እያልኩ ብዙ አመነታሁ። ከእኔ የባሰ ያየ ሞልቷል። ልጁን መንገድ ላይ የቀበረ ሰው ባለበት መጠለያ ስለ አንደኛ ክፍል የሙዚቃ ትምህርት ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ግን ልጁን የቀበረው ሰው ራሱ እዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። ስለዚህ ወለጋ ለቀራችሁ ጎረቤቶቼም፣ እንደኔ ለተሰደዳችሁም፣ እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው።

ከወለጋ የወጣነው መግሪብ እንደተሰገደ ነው። ተኩሱ ከወንዙ ማዶ ሲጀምር ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ጎተራቸው ውስጥ ደበቁን። ጋብ ሲል የወለጋውን ሥራሥር፣ የተቀቀለ አንጮቴ፣ በነጠላ ቋጥረው በጓሮ በኩል ሸኙን። እናቴ ቤቱን ልትቆልፍ ስትመለስ አባቴ፣ "ተይው፣ ቁልፍ ለሚመለስ ሰው ነው" አላት።

አባቴ የተወለደው ሐብሩ ውስጥ፣ መርሳ አጠገብ ነው። በድርቁ ጊዜ ሕፃን ሆኖ ነው ወደ ወለጋ የተወሰደው። እኔ ደግሞ መርሳ ማንጎ ከዛፍ ወድቆ የሚያነሳው የሚጠፋበት አገር ነው እየተባልኩ አደግሁ። መርሳ ደርሰን የመጠለያው መዝጋቢ ፊት ስንቆም፣

"የተወለድከው የት ነው?" አለው አባቴን።

"እዚሁ፣ መርሳ አጠገብ።"

"እንግዲያው እንግዳ አይደለህማ። ድንኳኑ ለእንግዳ ነው። ዘመዶችህ ጋ ሂድ።"

ሄድን። የአባቴ የአጎት ልጅ ጥቂት ቀን አሳድሮን፣ "ወንድም ጋሼ፣ እናንተ እኮ የወለጋ ሰዎች ናችሁ። ለእናንተ ድንኳን አለ ሲሉ ሰማሁ" አለ። ተመለስን። መዝጋቢው አዘነልን መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዘመድ የለንም በሉ" አለን። አባቴ በተወለደበት አገር ዘመድ የለኝም ብሎ ድንኳን አገኘ።

እዚያ ሰፋሪ ይሉን ነበር፣ እዚህ ወለጌ ሆንን። እዚያ ዝናቡ ሲጀምር መቆሚያ የለውም፣ እዚህ ሸራው ከረፋዱ ጀምሮ እንደ ምጣድ ይግላል። የማሽላ እንጀራውን ለመድኩት፣ አንጮቴ ግን እስካሁን በሕልሜ እበላለሁ።

ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ እስክጠራ ድረስ የመጠለያው ርዕሰ መምህር አንደኛ ክፍልን ሙዚቃ እንዳስተምር ጠየቁኝ። ባዶ የዘይት ጀሪካን ከበሮዬ ሆነ። ያስተማረ ሰው ያውቃል፣ የሰባት ዓመት ልጆች ሲያጨበጭቡ ይሮጣሉ፤ አንዱ ሌላውን ሊቀድም ሲል ምቱ ይበተናል። የእኔዎቹን የሚሰበስባቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እዚያ ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወቱ የለመዱት የኦሮምኛ ቆጠራ። "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ" ብለው ሦስቴ ያጨበጭባሉ፣ በአራተኛው ጸጥ ይላሉ። ያችን ጸጥታ ከሁሉ የምትጠብቅልኝ ራህማ ነበረች። እጆቿን አየር ላይ ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ ዓይኗ ብቻ ይስቃል።

አባቷ ከእኛው ቀበሌ የመጡት ጋሽ ሰይድ ናቸው፣ ያ ልጁን የቀበረው ሰው። አንድ ቀን በክፍላችን ድንኳን አጠገብ ሲያልፉ ሰሙንና ገቡ። አልጮሁም።

"ስሚኝ የኔ ልጅ፣ የራህማን ወንድም የገደሉብኝ በዚህ ቋንቋ እያወሩ ነው። ከልጄ አፍ ደግሞ ልስማው?"

"ጋሼ፣ ልጆቹ እኮ የሚያውቁት ጨዋታ ይሄ ነው።"

"ሌላ ይወቁ። አለዚያ ራህማን አልልክም፣ ሌላውም አይልክም።"

ሌሎቹም ወላጆች ከእሳቸው ጋር ቆሙ። ክፍሉ እንዳይዘጋ ብዬ እሺ አልኩ። ለልጆቹም፣ "ከእንግዲህ አይባልም" አልኳቸው። በምትኩ አምባሰል አመጣሁ፣ የአባቶቻቸውን ዜማ። አባቴ ድንኳን ውስጥ ያንጎራጉርልኛል፣ እኔ ጠዋት አስተምራለሁ። ዜማው ግን ልጆቹን እንደ ሰው ልብስ ሰፋቸው። ምቱ ተበተነ። አንዱ ተሳስቶ "ቶኮ" ካለ ራህማ አፉን በመዳፏ ትይዘዋለች። እንደዚያ የምትታዘዝ ልጅ አላየሁም።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ወደ ነበራችሁበት ትመለሳላችሁ የሚል ወሬ መጣ፣ ወሬውም አውቶቡስ ሆነ። አባቴ ዳግመኛ አልነቀልም ብሎ ቀረ። ጋሽ ሰይድ ግን መሬታቸው እዚያ ነው፣ የልጃቸውም መቃብር በዚያው መንገድ ላይ።

ጠዋት አውቶቡሶቹ ሲጫኑ ራህማን እጇን ይዘው መጡ። ዓይኔን አላዩኝም።

"ያን ቆጠራ አልረሳችውም፣ አይደል? እዚያ ትምህርት ቤት መግባቷ ነው። ከነሱ ልጆች ጋር መኖሯ ነው።"

"አትረሳውም ጋሼ፣ አብሽሩ" አልኩና ቁጭ ብዬ እጆቼን ዘረጋሁላት። "ራህማ፣ በይ እንጫወት። ቶኮ..."

ራህማ አባቷን ቀና ብላ አየች። "አይባልም" አለች።

"ይባላል እናቴ፣ ዛሬ ይባላል" አሉ ጋሽ ሰይድ። ፊቷ ተንበረከኩ፣ በእነዚያ የሻከሩ እጆቻቸው ራሳቸው አጨበጨቡ። "ቶኮ። ለማ። ሰዲ።" ራህማ እጆቿን ከጀርባዋ ደብቃ መሬት መሬት ታያለች። ረዳቱ "ግቡ፣ ግቡ" እያለ በሩን ሲመታ ተነሱ፣ አውቶቡሱም ወደ ደሴ ዞረ።

አሁን ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኔትወርክ ሲገኝ ለጋሽ ሰይድ እደውላለሁ። አዴ ጫልቱ ራህማን እየጠሩ አንጮቴ ያበሏታል አሉ። ባለፈው ሳምንት፣ ራህማ ትዘፍናለች ወይ አልኳቸው። "ልጆቹ ሲያጨበጭቡ ዳር ትቆማለች" አሉኝና፣ "አንቺ ብትነግሪያትስ?" አሉ። ስልኩን ሰጧት። ትንፋሿ ይሰማኛል። "ራህማ፣ ይባላል" አልኳት። መልስ ሳልሰማ መስመሩ ተቋረጠ።

አውቶቡሶቹ የሄዱትና የእኛ ክፍል የተበተነው የመርሳ ክርስቲያኖች የሰኔ ሚካኤልን ባከበሩ ማግስት፣ ሰኔ ዐሥራ ሦስት ቀን ነው።