እናቴ «ልጄ» ያለቻት ተከራይ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ሦስት ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ፣ ሦስቱንም ጊዜ ጾም ስለ መግደፍ አውርቼ ተመለስኩ። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ነው።

እናቴን ስትሮክ ሲመታት እኔ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ግማሽ ጎኗ ደነዘዘ፣ አንደበቷም ተያዘ። ወንድሜ ጌዶ ከተማ ትዳርና ልጆች አሉት፤ እኔ የለኝም። ስለዚህ ማንም ሳያዘኝ ሥራዬን ለቅቄ አምቦ እናቴ ቤት ገባሁ። ስድስት ዓመት አገላበጥኳት፣ አጠብኳት፣ በማንኪያ አበላኋት። ሰው «ምን ትሠሪያለሽ?» ሲለኝ «ምንም፣ ቤት ነኝ» እል ነበር። ያን ሁሉ ድካም ሥራ ብዬ ለመጥራት እኔው ራሴ አፍር ነበር። የነበረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ «እንደ አልማዝ ያለች ልጅ ይስጠን» ይል ነበር።

ከዚያ ጓሮ ያለውን ክፍል ትዕግስት የምትባል አስተማሪ ተከራየች። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች ናት። አባቷ በዚያው ሕመም ሲሞት አጠገቡ አልነበረችም። ለዚያ ይሆናል፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቴ ዘንድ ትገባለች። የተጨበጡ ጣቶቿን አንድ በአንድ ትዘረጋለች፣ ብብቷን ደግፋ ታቆማታለች፣ «ኦሮምኛ ያስተምሩኝ» እያለች ታስቃታለች። እኔ በዚያ ሰዓት ምን እሠራ ነበር? አንሶላ አጥብ ነበር። የእናቴን ሳቅ ከውጭ ነበር የምሰማው። ጎረቤቶቹም ጀመሩ፤ «ይቺ አስተማሪ መልአክ ናት» አሉ።

በሁለተኛው ወር እናቴ ግድግዳ ይዛ ሦስት እርምጃ ሄደች። የሄደችው ወደ እኔ አይደለም፣ ወደ ትዕግስት ነው። ደርሳ አንገቷን አቀፈቻት። ስድስት ዓመት የተያዘው አፏ ተፈታና «ኢንተለ ኮ» አለቻት። ልጄ ማለቷ ነው።

እኔስ ማን ነበርኩ? እልል ማለት ሲገባኝ በር ላይ ቆሜ ጥርሴን ነከስኩ። ቀናሁ። ሌላ ስም አልፈልግለትም፣ ቀናሁ።

በሳምንቱ ትዕግስትን «ወንድሜ ሊመጣ ነው፣ ክፍሉን ልቀቂልኝ» አልኳት። ወንድሜ የሚመጣ አልነበረም።

«እሺ እትዬ አልማዝ፣ ቤቱን እለቃለሁ። ግን ከሰዓት በኋላ እየመጣሁ እማማን ላለማምዳቸው?»

«አያስፈልግም። ደክሟታል እኮ፤ ለአንቺ መናገር አፍራ ነው።»

ፊቷ ደም መሰለ። ሰውን ያስቸገረች መስሏት ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ እኔን!

እናቴ በማግስቱ፣ በሳልስቱም በሩን በሩን ታይ ነበር። «ሰልችተሻት ሄደች» አልኳት። ይህንንም አልኩ። ከዚያ ወዲያ ላቆማት ስሞክር ጉልበቷን ትለቅብኛለች። ደግሞስ ምን ያህል ሞከርኩ? ሁለት ቀን። ጣቶቿ ተመልሰው ተጨበጡ። ዳግመኛ ሳትቆም፣ ያቺን ቃልም ለእኔ ሳትላት፣ በዓመት ከመንፈቅ ዐረፈች።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያ ውስጥ፣ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውራ የቆየችው ትዕግስት ከኋላዬ ጠራችኝ። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። እዚያው ሰው መሀል አለቀሰች።

«እስከ መጨረሻው አጠገባቸው ነበሩ» አለችኝ። «እኔ ለአባቴ ያላደረግሁትን አድርገዋል። እግዚአብሔር ዋጋዎን ይክፈልዎት።»

«አሜን» አልኩ።

ስልኳን ሰጥታኛለች፤ እስካሁን አልደወልኩም። ብቻዬን ነበርኩ፣ ደክሞኝ ነበር ማለት እችላለሁ፤ ውሸትም አይደለም። ግን እናቴ መሄድ ጀምራ ነበር። መልሼ ያስተኛኋት እኔ ነኝ።