ቀይ ቀለም ያለበት ፒን

ዛሬ መርካቶ ምናለሽ ተራ፣ የብረት ዕቃ ሱቅ ደጃፍ ላይ አንድ ሾፌር «ቀይ ቀለም ያለበትን ይስጡኝ» ሲል ሰማሁና ተጠጋሁ።

ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ።

መሳለሚያ አካባቢ ባለ የብረታ ብረት ድርጅት የጥራት ኃላፊ ነኝ። የጭነት መኪናን ከተሳቢው ጋር የሚያያይዝ ወፍራም ፒን እንሠራለን። ባለፈው የተወሰነው ከእሳት ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ውስጥ ውስጡን ተሰነጠቀብን። ስንጥቁ በዓይን አይታይም። ስለዚህ የተበላሹት እንዲለዩ አንድ በአንድ ቀይ ቀባኋቸው። አለቃዬ «ለማቅለጫ ሸጥናቸው» አለኝ፣ አመንኩት።

ባለሱቁ አዛውንት ናቸው። «ጋሼ፣ ቀይ እኮ የተበላሸ ማለት ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ገበያዬን አትዝጊብኝ። ቀዩ ፋብሪካ የፈተሸው ነው።»

እሱስ እውነት ነው፣ ፈትሼዋለሁ።

ሾፌሩን ለመንኩት። የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬን አውጥቼ አሳየሁት። «እህቴ፣ የየትኛው ሱቅ ደላላ ነሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ዛሬውኑ ጭኖ ወደ ጅቡቲ እንደሚወርድ ለባለሱቁ እየነገራቸው ፒኑን በጋዜጣ አስጠቀለለና ወደ አውቶቡስ ተራ ሄደ። ተከትዬው ሮጥኩ፣ ግን የመርካቶን ሰው ታውቁታላችሁ። ጠፋብኝ።

ተመልሼ የቀሩትን በሙሉ ልግዛ ስል ባለሱቁ ዋጋ ጨመሩ። ቀዩ ተፈላጊ ነው አሉኝ።

አለቃዬ ስልክ አያነሳም። ምን እንደማደርግ ጨንቆኛል።

የተጣለ ዕቃ «የተፈተሸ» ተብሎ የተሸጠላችሁ ካላችሁ እዚህ ጻፉልኝ። ተሳቢ የሚነዳ ወንድም፣ ባል ወይም ጎረቤት ያላችሁ ግን መጀመሪያ ደውሉለት፣ ወርዶ ፒኑን ይይ። ከዚያ ትጽፋላችሁ።