ለአምስተኛው ሰው የተሠራ ማስፋፊያ

የሰሌዳ ጨዋታ የሚወዱ ሰዎች ስለ ማስፋፊያ ሲያወሩ መስማት ጨጓራዬን ይልጠዋል። አንዱ መርከብ የተጨመረበትን ያደንቃል፣ ሌላው ዘንዶ ያለበትን። ማስፋፊያ የሚሉት ከዋናው ጨዋታ ተለይቶ፣ በሌላ ሳጥን የሚሸጠውን ጭማሪ ነው። አብዛኛው ማስፋፊያ ሕግ ያበዛል እንጂ ደስታ አይጨምርም። እኔ የምወደው አንድ ብቻ ነው። የሠራው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ያበላሹብኝ ደግሞ የእድራችን ንብረት ጠባቂ ናቸው። ይኸው እስከ ዛሬ እንደተናደድኩ ነኝ።

ዋናውን ጨዋታ ከጉርድ ሾላ የገዛሁት እኔ ነኝ። መሬት ተከፋፍለው፣ እንጨትና ድንጋይ ተለዋውጠው፣ መንገድና ቤት የሚሠሩበት ጨዋታ ነው። ሳጥኑ ላይ እንደተጻፈው ለአራት ሰው ነው። እኛ ደግሞ አምስት ነበርን፤ ሁለት እህቶቼ፣ ተከታዬ፣ እኔና ታናሻችን። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ስንቀመጥ ለታናሻችን ቦታ የለም። "አንተ ካርድ አድል" እንለዋለን። ያድላል። ጺም አብቅሎ፣ ሥራ ይዞ፣ የሶፋው ክንድ ላይ ተቀምጦ ካርድ ያድላል።

አንድ እሁድ የጫማ ሳጥን ይዞ መጣ። ውስጡ ከፓስታ ካርቶን የተቆረጡ ተጨማሪ መሬቶች አሉ። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ በቢላ የቀረጻቸው ትንንሽ ቤቶች አሉ፤ ሳጥኑ ሲከፈት ሽታቸው ሳሎኑን ሞላው። በገዛ እጁ የጻፋቸው ካርዶችም አሉ። "ውሃ መጣ! ጀሪካንህን ሁሉ ሙላ፤ ተራህ ግን አልፏል" ይላል አንዱ። "የእንጦጦ ቁልቁለት። ፍሬን እምቢ አለ። የያዝከውን በሙሉ በግራህ ላለው አስረክብ" ይላል ሌላው። ታላቅ እህቴ እያነበበች በሳቅ ፈረሰች።

"አሁን ለአምስት ይሆናል" አለና ወንበር ስቦ መሃላችን ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ያለዚያ የጫማ ሳጥን ተጫውተን አናውቅም። የባሕር ዛፎቹ ቤቶች የእሱ ነበሩ። ማናችንም አንነካቸውም።

ባለፈው ክረምት በድንገት ታሞ ሞተ።

ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን ካርታም ዳማም እየተጫወተ ያመሻል። ከጎረቤቶቻችን አንዱ ሁለቱን ሳጥኖች ከሳሎናችን መደርደሪያ አንሥቶ ወደ ድንኳኑ ሲያወጣቸው ፍራሽ ላይ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ተው ማለት አቃተኝ። በሠልስቱ የእድሩ ሰዎች ድንኳናቸውን ነቀሉ፤ ወንበሩን፣ ሰሃኑን፣ ድስቱን ጭነው ሄዱ። የእኛም ሳጥኖች አብረው ተጫኑ።

ቤቱን አገላብጠን ፈልገን ተስፋ ከቆረጥን በኋላ አንዲት ጎረቤታችን መንገድ ላይ አስቁማኝ፣ "ያ እድሩ ያመጣው አዲስ ጨዋታ ግን እንዴት ደስ ይላል!" አትለኝም? ደሜ ፈላ። ሰላምታዋን እንኳ ሳልመልስ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ገሰገስኩ።

ንብረት ጠባቂው በር ላይ ተቀምጠው የብርጭቆ ሳጥን በገመድ ያስራሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የእድሩን ዕቃ እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁ።

"አባባ፣ የወንድሜን ሳጥን ይመልሱልኝ።"

"የቱን ሳጥን? ጨዋታውን? እሱማ የእድሩ ነው፣ ልጄ። ምልክት አለው እኮ።"

"ማን ምልክት አደረገበት?"

"እኔ ነኛ! ከድንኳን የተመለሰ ዕቃ ሁሉ ቀለም ይነካል። አለዚያማ ከሰው ዕቃ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል።"

"ሳጥኑን ነው የቀቡት?"

"ሳጥኑንማ ማንም ይቀባል" አሉ ኮራ ብለው። "ካርዶቹን አንድ በአንድ ነው እንጂ። እያንዳንዱን፣ በጀርባው። አንዱ ቢጎድል በምን ይታወቃል?"

አረንጓዴ ዘይት ቀለም። ሰሃን ቂጥ ላይ የሚቀባውን። የካርድ ጀርባ ሁሉ አንድ ዓይነት ካልሆነ ጨዋታው አበቃ፤ አንዱ ላይ ቀለሙ ወርዷል፣ አንዱ ላይ ተድበልብሏል፣ ማን ምን እንደያዘ ከሩቅ ይነበባል። ይህን እየጮህኩ አስረዳኋቸው። እሳቸው በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ "ታዲያ እንዲያ ከሆነ አይጠፋማ" አሉኝ። ሳጥኖቹ የት እንዳሉ ጠየቅኳቸው። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው አንድ አባል ቤት ናቸው አሉኝ።

ዳገቱን በንዴት ወጣሁት። ድንኳኑ ደጅ ስደርስ ግን ንዴት አይሠራም። ለቅሶ ቤት ገብቶ "ዕቃዬን" አይባል ነገር! "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብዬ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ጨዋታው ፊት ለፊቴ ተዘርግቷል፤ የፓስታ ካርቶኑ፣ የወንድሜ ጽሑፍ፣ አረንጓዴው ቀለም። አራት ሰዎች ይጫወታሉ። መጫወት ከተባለ! የእንግሊዝኛውን ሕግ ያነበበ የለም። እንጨት ለጨረሰው ሌሎቹ ያዋጡለታል። መንገድ የተዘጋበትን "አይዞህ፣ በእኔ በኩል እለፍ" ይሉታል። ማንም አይሸነፍም። እድር አድርገውታል! "እንዲህ አይደለም!" ብዬ ልጮህ አፌ ድረስ መጣ።

ከአራቱ አንዱ ሐዘንተኛው ራሳቸው ነበሩ፤ ጥቁር ኮት የደረቡ፣ ዓይናቸው ያበጠ ሰው። ካርድ አነሡና ከዓይናቸው አርቀው አነበቡ። "የእንጦጦ ቁልቁለት። ፍሬን እምቢ አለ።" ሳቅ አሉ። ወዲያው የሳቁበትን አፍ በነጠላቸው ጫፍ ያዙት። ካርዱን ግን አላስቀመጡትም።

ቀና ሲሉ አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ ምን ጥግ ይዘህ ትቀመጣለህ? ና ወዲህ። ይኸው የአምስተኛው ሰው ቤቶች ባለቤት አጥተዋል።"

ባሕር ዛፎቹን በመዳፋቸው ዘረጉልኝ። እነሱም ቂጣቸው ላይ አረንጓዴ ነጥብ አለባቸው።

"የወንድሜ ናቸው" አልኩ። ድምፄ እንደ ጠብ ነው የወጣው።

"እህ፣ ይመጣል እንዴ? ጥሩ" አሉ ወንበር እየሳቡልኝ። "እስኪመጣ አንተ ያዝለት።"

ልቆጣቸው ፈለግሁ። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ በዓለም ላይ እንደ እሳቸው የተናደድኩበት ሰው አልነበረም። ግን ምን ብዬ? ሚስታቸውን ቀብረው የተቀመጡ ሰው ናቸው፤ የወንድሜን ነገር የሚያውቁበትም መንገድ የለም። እጄን ዘረጋሁና ቤቶቹን ተቀበልኩ። ወንድሜ በሕይወት ሳለ ነክቻቸው አላውቅም ነበር። ቀላል ናቸው፤ ሽታቸውም ጠፍቷል። በዚያ በተበላሸ ሕግ፣ እንጨት እየተዋጣልኝ፣ ድንኳኑ ውስጥ እስኪመሽ አብሬያቸው ተጫወትኩ።

ሳጥኖቹን አላመጣኋቸውም። አሁንም ከለቅሶ ለቅሶ ይዞራሉ። ንብረት ጠባቂውን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ፊቴን አዞራለሁ፤ የቀለሙን ነገር ይቅር አልላቸውም።

ለቤታችን ከጉርድ ሾላ ሌላ ገዛሁ። ሳጥኑ ላይ እንደተጻፈው ለአራት ሰው ነው። አሁን ልክ ይሆነናል።