ከአማርኛ በፊት የነበረው አባቴ

አባቴ የታመመው በደርግ ጊዜ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በቀበሌያችን አዳራሽ መሠረተ ትምህርት በማስተምርበት ዓመት ነው። ኮልፌ ውስጥ የታወቀ አናጢ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የጎረቤት በር ሊጠግን መዶሻውን ሲያነሳ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ እዚያው ደጃፉ ላይ ወደቀ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሆስፒታል ወደ ቤት መለሱልን። ቀኝ ጎኑ ዝሏል። ከዚያ የባሰው ግን አንደበቱ ነበር። ይናገራል፣ እንዲያውም ብዙ ይናገራል፤ አንዲት ቃል እንኳ አይገባንም።

«አባዬ! ትሰማኛለህ?» እያልኩ ጆሮው ሥር እጮሃለሁ። እሱም በደህና እጁ አልጋውን እየመታ ያን የማይገባ ነገር ይመልስልኛል። ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ። እናቴ ጓዳ ገብታ፣ «አእምሮው ሄዷል፤ አለቀለት» ብላ ስታለቅስ ሰማኋት።

ቤት በገባ በሦስተኛው ሳምንት ከተማሪዎቼ ሦስት ሴቶች ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁን መጡ። አንዷ በግንባታ ሥራ ላይ ድንጋይ የሚሸከሙ፣ ከከምባታ የመጡ ሴት ነበሩ። አማርኛው ይከብዳቸው ስለነበር ክፍል ውስጥ አንዱን ቃል አምስት ጊዜ አስደግማቸዋለሁ፤ ሌሎቹ ሲስቁ እኔም አብሬ የሳቅሁበት ቀን አለ።

አባቴ እንግዶቹን ሲያይ እንደ ልማዱ መናገር ጀመረ። ሴትየዋ የያዙትን ብርቱካን መሬት ላይ አስቀመጡና ወደ አልጋው ጠጋ አሉ። ከዚያ በዚያው በማይገባን ነገር መለሱለት።

አባቴ ትክ ብሎ አያቸው። ቀጥሎ ቀስ እያለ ረጅም ነገር ተናገረ፤ ሴትየዋም አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ።

«ምን አለ? ምን እያለ ነው?» አልኳቸው።

«ጆሮዬ ደህና ነው፣ ለምን ይጮሁብኛል ነው የሚሉት።»

እናቴ በቆመችበት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «ሌላስ? ሌላስ ምን አለ?»

«ሾርባው ጨው የለውም አሉ።»

«ጨው ሐኪም ከልክሎ ነው ይበሉልኝ!» አለች እናቴ፣ እንባዋ እየወረደ፣ እየሳቀች። አባቴ ግን አስተርጓሚ አልጠበቀም። አማርኛውን ሰምቶ ፊቱን አጨማደደ። ለካ እስከዛሬ የምንለውን ሁሉ እየሰማ ነበር!

እናቴ፣ አባቴ የተወለደው ከምባታ መሆኑን ታውቅ ነበር፤ ቋንቋውን ሲናገር ግን በትዳር ዘመኗ ሁሉ ሰምታው አታውቅም። ምክንያቱን በዚያ ሳምንት በሴትየዋ አማካይነት ነገረን። ገና በወጣትነቱ አዲስ አበባ እንደመጣ፣ አፉ አማርኛ ባልለመደበት ጊዜ፣ የሥራ ጓደኞቹ ሲስቁበት ከምባትኛውን እርግፍ አድርጎ ተወው። ሴትየዋ ይህን ሲተረጉሙልኝ አይናቸውን ከመሬት አላነሱም። እኔ ደግሞ የምገባበት ጠፋኝ።

ስሸኛቸው በር ላይ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«ምን ብለሽ ነው ልጄ? ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ አይደለሽም?» ብለው ትከሻዬን ቸብ አድርገውኝ ሄዱ።

ሐኪሙ ነገሩን ስንነግረው ብዙም አልገረመውም። እንዲህ ያለ በሽታ አንዱን ቋንቋ አሽሽቶ ሌላውን ሊተው እንደሚችል፣ የሸሸውም ሊመለስ እንደሚችል አስረዳን። አማርኛው እስኪመለስ ግን እኔ ሥራ አላጣሁም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው መጽሐፍ በከምባትኛም ታትሞ ስለነበር፣ ከደቡብ የተመለሰች ዘማች አንድ ቅጂ ሰጠችኝ። ፊደሉ የኛው ፊደል ነው። እኔ ሳይገባኝ አነብለታለሁ፤ እሱ ማንበብ ባይችልም ይገባዋል፤ ስሳሳት ደግሞ በግራ እጁ ጉልበቴን ይመታኛል። ሴትየዋም በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ መልስ እየመጡ ያጫውቱታል።

አማርኛው በክረምቱ ተንጠባጥቦ መጣ። መጀመሪያ የወጣችው ቃል የእናቴ ስም ነበረች። ከዚያ «በር ዝጉ»፣ «ብርድ ነው» እያለ ቀጠለ። ከሁለቱ ቋንቋዎች ግን አንዱንም ዳግም አልተወም። ሲናደድ በከምባትኛ ይቆጣል፣ እናቴ በአማርኛ ትመልስለታለች፤ እኔም አንድ ማታ ጭቅጭቃቸውን ከጓዳ እያዳመጥኩ፣ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፌን ጠግቤ ተኛሁ።