የታጠበው ጭራ

ለማንም ተናግሬ የማላውቀውን ልንገራችሁ፤ ባዝራችንን ለጅብ የዳረግኋት እኔ ነኝ።

ከማህፀኗ መግል ይፈስሳት ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ሲመጣ አፍሬ መግል የነካውን ጭራዋን አጠብሁት፤ እሱም ምንም አላየ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "መካን ናት" ብሎ ከከተማ ውጭ ተዋት።

ዛሬ ባዝራቸው አላረግዝ ባለቻቸው በጎረቤቴ በአያ አለሙ ግቢ አንድ ደላላ ከኪሱ፣ ከሞባይሉ ጎን፣ ብልቃጥ አወጣ።

"የሴል መድኃኒት ነው፤ በአንድ መርፌ ባዝራዎ ታረግዛለች!"

ስለዚህ ሕክምና አንብቤአለሁ። ከፈረስ ስብ ወይም መቅኔ ሴል ወስደው የታመመ ማህፀን ለማዳን ይሞክራሉ፤ ገና እየተጠና ነው። ሴሉ ግን በቅዝቃዜ ስለሚጠበቅ በባሕር ዳር ሙቀት በኪስ አይዞርም!

"ከየትኛው ፈረስ ተወሰደ?" አልሁት።

"እማማ፣ ደግሞ ሐኪም ሆኑ?" ብሎ ሳቀ። ብልቃጡን ሲከፍተው የገማ እንቁላል ሸተተኝ።

ከዚያ የባሰ ያስጠላኝ የአያ አለሙ ባዝራ ጭራ ነው። እርጥብ ነበር።

"አያ አለሙ፣ አጠቧት እንዴ?"

"ታዲያ ሰው ፊት እንደዚያ ሆና ትቁም?"

ሳያጥቡ ለሐኪም ያሳዩዋት ብዬ ለመንኋቸው፤ አልሰሙኝም፤ መርፌውን ለነገ ቀጠሩ። የራሴን ባዝራ ነገር ፊታቸው ማውጣት አቃተኝ።

እናንተስ አፍራችሁ የደበቃችሁት በሽታ ምን አደረሰ? ጻፉልኝ።

እኔ ይህንኑ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ በወረቀት ገልብጬዋለሁ። ነገ ደላላው ባዝራዋን ሳይወጋት ወረቀቱን የሚቀበሉኝ፣ ፌስቡክ የሌላቸው አያ አለሙ ናቸው።