አልታጠፍ ያለኝ መነጽር

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን በተከራየሁት ቤት ነው። ዛሬም ቤቱ ጸጥ ሲል ልቤ ድንግጥ ስለሚል ልረሳው አልቻልኩም።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የብረታ ብረት ትምህርት አስተምራለሁ። የማጠናው ቅርጹን የማይረሳ የሚባለውን፣ የኒኬልና የታይታኒየም ቅይጥ ነው። መነጽሬም ከዚሁ የተሠራ ነው። ክፍል ውስጥ እየጠመዘዝኩ "አያችሁ፣ ጫና ሲበዛበት ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክሪስታሎች አሰላለፋቸውን ይቀይራሉ፤ ስትለቁት ይመለሳሉ" እያልኩ እኩራራበት ነበር።

የዚያን ቀን ሰባት ሰዓት አልፏል። በዚያ ሰዓት ድሬ ወይ በርጫ ላይ ናት፣ ወይ ተኝታለች። የሁለት ዓመቷ ልጄ ሜላት ግቢ ውስጥ ስትጫወት ለአፍታ ሽንት ቤት ገባሁ። እሷ ታዲያ መቀርቀሪያውን ከውጭ ገፍታ ቆለፈችብኝና ሳቀች።

"ሜሉዬ፣ ክፈቺልኝ!" አልኳት። መግፋት እንጂ መሳብ አላወቀችበትም። ትታኝ ሄደች። ወዲያው ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ። ውሃ ስለሚጠፋ ትልቁን ሳፋ ሞልቼ ነበር።

ጮኽኩ፤ የቆርቆሮውን በር ደበደብኩ። የሚሰማ የለም። ስልኬ አልጋ ላይ ነው። ሙቀቱ ያፍናል፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። በበሩና በመቃኑ መካከል ጣት የማታሾልክ ክፍተት ነበረች። መነጽሬን አውልቄ ጆሮ ላይ የሚያርፈውን ዘንግ አሾለክሁት። መቀርቀሪያውን ለመሳብ ግን ጫፉ መቆልመም ነበረበት። አጠፍኩት፤ ተመለሰ። ደግሜ አጠፍኩት፤ ቀጥ አለ። በንዴት አለቀስኩ።

ከዚያ የውሃው ድምፅ ቆመ። ስሟን ደጋግሜ ጠራሁ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። የዘንጉን ላስቲክ በጥርሴ ልጬ፣ ጫፉን የበሩ ማጠፊያ ስንጥቅ ውስጥ ሸጉጬ፣ እጥፍ አድርጌ በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩት። ደጋግሜ ተጫንኩት። ከአቅማቸው በላይ የተጫኗቸው ክሪስታሎች ወደ ቦታቸው እንደማይመለሱ ስንቴ አስተምሬያለሁ! ያን ጊዜ ግን እንደ ጸሎት ደገምኩት። በመጨረሻ ጎብጦ ቀረ።

መቀርቀሪያው ተሳበ። በሩን ወደ ውጭ ስገፋ ግን እምቢ አለኝ። ከበስተጀርባው ለስላሳ ነገር ይዞታል።

እንደምንም ተሽሎክልኬ ወጣሁ። ሜላት ልብሷ በስብሶ፣ በሩ ሥር ተጋድማለች። አንስቼ ስነቀንቃት ዓይኗን ገልጣ አለቀሰች። ለካ የእንቅልፏ ሰዓት ደርሶ፣ እኔን ፍለጋ መጥታ እዚያው አሸልባ ኖሯል። እንደዚያ የጣመኝ ለቅሶ የለም።

ጎረቤቴ ከድራ በድንጋጤ ከሱቋ ብቅ አለች። "አባዮ፣ እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው? አቦ፣ ቬንትሌተሩ እየጮኸ ምንም አልሰማሁም!" ስነግራት ራሷን ይዛ አብራኝ አለቀሰች።

መቀርቀሪያውን የዚያኑ ቀን አስነቀልኩት። ሰው ልጁ ስትተኛለት እፎይ ይላል። እኔ ግን እስከ ዛሬ እጄን ደረቷ ላይ አሳርፌ፣ ከፍ ዝቅ ሲል ካላየሁ፣ ካጠገቧ መነሳት አልችልም።