ስልክ ቤት የቀረው ድምፄ

ዛሬ ልጄ ሴት ልጁን «ሬዲዮ ጣቢያ ለልምምድ አትሄጂም» ሲላት የአባቴን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን ለሥራ ልምምድ ጎንደር ስልክ ቤት ላከኝ። መስመር ማገናኘቱን ወደድኩት። ኃላፊዋ እትዬ ጥሩነሽ «ድምፅሽ ሸጋ ነው፤ ትምህርትሽን ስትጨርሺ እዚሁ ትቀጠሪያለሽ» አሉኝ።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። «ምነው፣ የማታውቂው ወንድ ሁሉ ድምፅሽን ይስማው?» ብለው ከለከሉኝ። በዚያው ዓመት አዘዞ ተዳርኩ።

(ኋላ እሳቸው ስልክ ሲያነሱ ግን ጩኸታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር።)

ይህንኑ ዛሬ ለልጄ ነገርኩት። «እማዬ፣ ነግረሽኝ አታውቂም እኮ» አለኝ። ከዚያ ልጁን ጠርቶ «ሂጂ» አላት፤ ነገ ሬዲዮ ጣቢያ ትሄዳለች።

ለእሷ ደስ ቢለኝም፣ የእኔ መቅረት ዛሬም ያንገበግበኛል።

እናንተስ፣ ደጁን አይታችሁ የተመለሳችሁበት ሥራ አለ?